ቤድፎርድ፤ ፋብሪካው ሞቶ መኪናው የቀረ



ስለ አንድ የጭነት መኪና ታሪክ እንጻፍ ብለን ስንነሳ ከመካከላችን «ስደተኛ ስለ ፈረንጅ ብረት ምን አገባው?» ያለ አልጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወረቀቱም ቀለሙም ውድ ነው፤ እጅም ይደክማል። ነገር ግን ከአገራችን በመተማና በሑመራ በኩል ወጥተው ገዳሪፍና ከሰላ፣ ከዚያም አልፈው ካርቱም ከገቡት ታላላቆቻችን መካከል በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ገመድ ጨብጦ፣ አቧራ ቅሞ ያልተጓዘ ጥቂት ነው። ያ የተጓዙበት መኪና ስም ነበረው። ስሙን ብዙዎቹ ያስታውሳሉ፤ ከየት እንደ መጣና ምን እንደ ደረሰበት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። አል-ጣኢፍ ሰፈር በኖርንባቸው ዓመታት፣ ማታ ማታ ወሬው ሲነሳ፣ አሮጌ ሾፌሮች «ቤድፎርድ» የሚሉበትን አነጋገር የሰማ ሰው ስለ ዘመድ እንጂ ስለ ዕቃ የሚናገሩ አይመስለውም ነበር። ስለዚህ የቤድፎርድን ታሪክ እነሆ እንላለን። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ ቆጠራ ናቸው።

ቤድፎርድ የእንግሊዝ አገር የጭነት መኪና ነው። በደኅና ዘመኑ «በሄዳችሁበት ሁሉ ታዩታላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ይነገርለት ነበር፤ ማስታወቂያውም ጉራ አልነበረም። ከስኮትላንድ እስከ ኒው ዚላንድ፣ ከፓኪስታን እስከ ዳርፉር ይታይ ነበር። ዛሬ በዚያ ስም አንድም አዲስ መኪና አይሠራም። ፋብሪካው ተሽጧል፣ ከስሯል፣ ፈርሷል። የቀሩት መኪናዎቹና የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው መኪና ከመፈጠሩ በፊት ነው። በ1857 ለንደን ውስጥ ቮክስሆል በተባለ ሰፈር አንድ የፓምፕና የመርከብ ሞተር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይኸው ድርጅት በ1903 የመጀመሪያውን መኪና ሠራ፤ በ1905 ደግሞ ወደ ሉተን ከተማ ተዛወረ። ሉተን በቤድፎርድሺር አውራጃ የምትገኝ፣ ባርኔጣ በመሥራት የምትታወቅ ከተማ ነበረች። ስሙን ግን አልለወጠም፤ ቮክስሆል እንደተባለ ሉተን ገባ።

እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ እንበል። የቮክስሆል ምልክት ግማሹ ንስር ግማሹ አንበሳ የሆነ፣ ግሪፊን የተባለ የተረት አውሬ ነው። ምልክቱ የተወሰደው በ13ኛው መቶ ዓመት ከኖረ ፎክስ ደ ብሮቴ ከሚባል ወታደር ነው። ይህ ሰው የእንግሊዙን ንጉሥ ጆንን አገልግሎ ብዙ ርስት አገኘ፤ ለንደን አጠገብ የነበረው አዳራሹ በስሙ ተጠርቶ፣ ስሙ በአፍ በአፍ ሲሟሽ «ቮክስሆል» ሆነ። ሉተንም ከርስቶቹ አንዷ ነበረች። ጆን ሞቶ ልጁ ከነገሠ በኋላ ግን ጊዜ ከዳው። በ1224 የቤድፎርድ ግንቡ ተከቦ ከሳምንታት ውጊያ በኋላ ተያዘ፤ በውስጡ የነበሩት ወታደሮች ተሰቀሉ፤ እሱም ንብረቱን ሁሉ ተነጥቆ ካገር ተባረረ፤ በ1226 በስደት ሞተ። ሰባት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ የዚህን ስደተኛ አውሬ በግንባሩ ለጥፎ፣ ያጣትን የቤድፎርድን ስም ተሸክሞ የሚሄድ መኪና መጣ። ይህን አስቦበት ያደረገ ሰው ያለ አይመስለንም፤ እንዲያው የሆነ ነው። እኛ ግን ስደተኞች ነንና ዓይናችን እንዲህ ያለ ነገር ላይ ያርፋል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1925 የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ቮክስሆልን በሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ገዛው። አሜሪካኖቹ በዚያን ጊዜ ቼቭሮሌት የተባለውን የጭነት መኪናቸውን እንግሊዝ አገር ውስጥ ይገጣጥሙ ነበር። እንግሊዞች የአሜሪካ ስም ያለውን ነገር በደስታ አይገዙም ነበርና፣ መኪናውን ቀስ በቀስ የአገር ልጅ አደረጉት። ሥራውን ወደ ሉተን አዛወሩ፤ መጀመሪያ «ቼቭሮሌት ቤድፎርድ» አሉት፤ በሚያዝያ 1931 ሁለት ቶን የሚጭን አዲስ መኪና ሲያወጡ ቼቭሮሌት የሚለውን ጣሉና «ቤድፎርድ» ብቻ አሉት። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበረው። በዚያን ጊዜ ለትንሽ ነጋዴ በሚቀርብ መኪና ላይ ስድስት ሲሊንደር ማግኘት ቅንጦት ነበር፤ ስለዚህም ገበያው ወዲያው ደራለት።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ለእንግሊዝ ጦር ከ250,000 በላይ የጭነት መኪና ሠራ፤ ቸርችል የተባለው ታንክም የተሠራው በዚሁ ድርጅት ነው። በነሐሴ 1940 ጀርመኖች ሉተንን በቦምብ ሲደበድቡ ብዙ ሠራተኛ አለቀ። እንግሊዞች ከደንከርክ ሲሸሹ ጥለዋቸው የሄዱትን ቤድፎርዶች ደግሞ ጀርመኖች ማርከው ነዷቸው። መኪና ወገን የለውም። በ1942 በደንስተብል ከተማ ሁለተኛ ፋብሪካ ተከፈተ፤ የኋላ ኋላ የቤድፎርድ መወለጃም መቀበሪያም የሆነው ይኸው የደንስተብሉ ነው።

የኛ ጉዳይ ግን ከ1958 ይጀምራል። በዚያ ዓመት «ቲ ጄ» የተባለው ዓይነት ወጣ። ሱዳን ነፃ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ሃምሳ ዓመት ተኩል በላይ የእንግሊዝ እጅ ስለ ነበረባት፣ ገበያዋ የለመደው የእንግሊዝ ዕቃ ነበር፤ ነፃነት ባንዲራን በአንድ ቀን ይለውጣል፤ የብሎን ልክ ግን በአንድ ቀን አይለወጥም። ቲ ጄም በዚያው በለመደ መንገድ ገባ።

መኪናው ኮፋኖው ወደ ፊት የወጣ፣ መብራቶቹ ክብ፣ ፊቱ የዋህ የሚመስል ነው። እንደ ዓይነቱ ከአንድ ቶን ተኩል እስከ ሰባት ቶን ይጭናል። የቤንዚኑ ሞተር ሦስት ሊትር ተኩል ወይም አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ በኋላ በኋላ ናፍጣው እየበዛ መጣ። ሻንሲው ቀጥ ያለ መሰላል ነው፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ ተቀምጧል። ኮፋኖው ሲነሳ ካርቡራተሩም፣ ካንዴላውም፣ ቺንጊያውም በእጅ ይደረስባቸዋል። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እንግሊዞቹ «ቲ ኬ» የሚባል፣ ካቢናው ከፊት ጎማ በላይ የተቀመጠ ዘመናዊ ዓይነት አወጡ፤ በአገራቸው እሱን ወደዱት። በአሸዋ አገር ግን ቲ ጄን የሚያህል አልተገኘም። በ1970ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞቹ ቲ ጄን በአገራቸው መሸጥ ሲተዉ፣ ፋብሪካው ለውጭ ገበያ ብቻ መሥራቱን ለብዙ ዓመት ቀጠለ። በሉተን አውራ ጎዳና ላይ የማይታይ መኪና ለእኛ አቧራ ተብሎ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሱዳን የሚገባው እንዳለ ተሠርቶ አልነበረም። ካቢናውና ሻንሲው ይመጣል፤ ካሶኒውን የሚሠራው የአገሩ አናጢና በያጅ ነው። ጎኑ ከፍ ያለ፣ እንጨትና ብረት የተጋጠመበት፣ ከካቢናው በላይ የዕቃ መደርደሪያ የወጣለት፣ በቀለም ያሸበረቀ ሣጥን ይገጥሙለታል። ፈረንጆች «የሱቅ ሎሪ» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው፤ የገበያ መኪና ማለት ነው። ሲሄድ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ሽንኩርት፤ ሲመለስ ስኳር፣ ጨው፣ ጨርቅ ይጭናል። በዚያ ሁሉ ጭነት ላይ ሰው ይወጣል። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ብዙ ይከፍላል፤ ጆንያ ላይ የሚቀመጥ ያነሰ ይከፍላል። ፋብሪካው «ሰባት ቶን» ያለውን ማንም ሾፌር እንደ ሕግ አያየውም ነበር፤ እንደ ምክር ነው የሚያየው።

ሾፌሩ «ኡስታ» ይባላል፤ ረዳቶቹ ልጆች ናቸው። የረዳት ሥራ ቀላል አይደለም። መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ የጎማው አየር ይቀነሳል፤ ከጎን የተሰቀሉት ረጃጅም ላሜራዎች ይወርዱና ከጎማው ሥር ይነጠፋሉ፤ መኪናው ጥቂት ክንድ ይሄዳል፤ ረዳቱ ከኋላ ያለውን ላሜራ አንስቶ እየሮጠ ከፊት ያነጥፋል፤ ደግሞ ይሄዳል። መኪናው ጠንካራ መሬት ካገኘ ኡስታው አይቆምም፤ ቢቆም ደግሞ ይሰምጣላ። ስለዚህ ረዳቱ ያን የጋለ ብረት ተሸክሞ ሮጦ በጎን ይንጠለጠላል። ከእኛ ሰዎች በዚህ ሥራ እንጀራቸውን የበሉ ብዙዎች ነበሩ። ዐረብኛ ሳያውቁ የሚቀጠሩበት ሥራ ስለ ነበረ ነው።

በኸሪፍ ወራት ደግሞ ሌላ ነው። የገዳሪፍ መሬት ዋልካ መሆኑን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲነካው እንደ ሙጫ ይይዛል፤ በእግር የሚሄደውም ጫማውን ጥሎ ይሄዳል። መኪና በዚያ ውስጥ ከገባ ቀናት ያድራል። ተሳፋሪው በሸራ ሥር ተጠልሎ፣ ከተጫነው እህል ላይ ባለቤቱን አስፈቅዶም ሳያስፈቅድም እየበላ ፀሐይ ይጠብቃል።

በ1977 ዓ.ም. በኛ ቆጠራ በድርቁ ጊዜ፣ ከጠረፍ ወደ መጠለያዎቹ ሕዝብ በጭነት መኪና ሲጓጓዝ ቤድፎርድ ብቻ ነበር አንልም። ያን ጊዜ የጃፓኑም የጀርመኑም ገብቶ ነበር። ግን ያረጀ ቤድፎርድ በዚያም መካከል ነበር፤ ውሃ የጫነ፣ እህል የጫነ፣ ሰው የጫነ። ከላይ ወድቆ የቀረ ሕፃን አለ፤ በሌሊት ተገልብጦ ያለቀ ተሳፋሪ አለ። በምን መኪና ስንት ሰው እንደ ተጓዘ ምናልባት በአንድ መዝገብ ተጽፎ ይሆናል። በመንገድ የቀሩት ስም ግን አልተጻፈም። ስለ መኪናው ደግ ደጉን ብቻ ብንናገር ዋሽተናል።

አሁን ስለ መካኒኮቹ። ከአገራችን ሲወጣ ጋራዥ ያውቅ የነበረ ሰው እዚህ ወርሻ ሲገባ መጀመሪያ የሚቸግረው ሞተሩ አይደለም፤ የሞተሩ ስም ነው። እኛ የመኪና ቋንቋችንን ከጣሊያን ወርሰናል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ካላማዳሪያ እንላለን። ሱዳኖች ባሌስትራውን «ያይ» ይሉታል፤ ጎማውን «ሊስቲክ»፤ መለዋወጫውን «ኢስቤር»። ገሚሱ ቱርክኛ፣ ገሚሱ እንግሊዝኛ ነው፤ ዐረብኛ ለብሶ ነው እንጂ። እንግዲህ አንድ የጎንደር ልጅ ሞተር ሥር ተኝቶ በጣሊያንኛ ያስባል፤ ኡስታው ዐረብኛ የለበሰ ቱርክኛና እንግሊዝኛ ይጮህበታል፤ ብረቱ ደግሞ የአሜሪካ ንድፍ ሆኖ እንግሊዝ አገር የተቀጠቀጠ ነው። በሁለት ሳምንት ይግባባሉ። ከመካከላችን በዚህ ሥራ ብዙ የቆየው ጓደኛችን እንደሚለው፣ ቋንቋውን ያስተማረው መጽሐፍ አይደለም፤ የተሰበረ ባሌስትራ ነው። «ያይ» የሚለውን ቃል ከነሕመሙ ነው የተማረው፤ እግሩ ላይ ወድቆበት።

ይህ ሁሉ በደኅናው ጊዜ ነው። አሁን ስለ አወዳደቁ እናውራ።

ቤድፎርድን የገደለው አንድ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ደንበኛው ደኸየ። መኪናው እንደ ሱዳን ባሉ አገሮች ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከ1973 በኋላ ነዳጅ ሲወደድ እነዚህ አገሮች ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ ሱዳን ራሷ ከ1978 ጀምሮ ገንዘቧን ደጋግማ ዝቅ አደረገች። ነጋዴው በሱዳን ፓውንድ እያተረፈ በስተርሊንግ መግዛት አቃተው። ሁለተኛ ጃፓኖች መጡ፤ መኪናቸው ርካሽ ነበር፤ መለዋወጫውም በጊዜው ይደርሳል። ሦስተኛ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ መንገዱ ተሠራ። ካርቱምን ከፖርት ሱዳን የሚያገናኘው፣ በመደኒ፣ በገዳሪፍና በከሰላ የሚያልፈው የአስፋልት መንገድ በ1980 አለቀ። ቤድፎርድ የተወደደው መንገድ ስላልነበረ ነው። አስፋልት ሲመጣ ግን ብዙ የሚጭን፣ ፈጥኖ የሚሮጥ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ተፈለገ። መንገድ አልባው ጀግና መንገድ ሲገኝ ተረሳ።

አራተኛው የእንግሊዞች የቤት ጣጣ ነው፤ እሱም ሊነገር ይገባል። የእንግሊዝ ጦር ለዐሥርት ዓመታት ዋና መኪናው ቤድፎርድ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጦሩ አዲስ ባለ አራት ቶን መኪና ሲያወዳድር ሥራውን ሌይላንድ የተባለው ተቀናቃኝ ወሰደው። በዚያው ሰሞን፣ በ1986 መጀመሪያ፣ ጄኔራል ሞተርስ የሌይላንድን የጭነት መኪና ፋብሪካ ከላንድ ሮቨር ጋር አንድ ላይ ለመግዛትና ከቤድፎርድ ጋር ለመቀላቀል ከመንግሥት ጋር ይነጋገር ነበር። ወሬው ሲወጣ በፓርላማው ሁከት ተነሳ፤ «ላንድ ሮቨር ለአሜሪካ አይሸጥም» ተባለ። ድርድሩ በመጋቢት ፈረሰ። ጄኔራል ሞተርስ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የከባድ መኪና ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። በኛ ግምት የፓርላማው ሰዎች የአንዱን ስም ለማዳን ሲጮሁ የሌላውን ስም ቀበሩ። ለላንድ ሮቨር የጮኸው ለደንስተብል ሠራተኛ ያን ያህል ሲጮህ አልተሰማም።

በ1987 የደንስተብልን ፋብሪካ ዴቪድ ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስና ነጋዴ ገዛው። ኩባንያውን «ኤ ደብልዩ ዲ» ብሎ ሰይሞ የቤድፎርድን ንድፍ መሥራት ቀጠለ። ሰውየው ከባድ የአፈር መኪና በመሥራት የተመሰገነ ነበር፤ የቻለውንም አደረገ። በ1992 እሱም ከሰረ። የንድፉን መብት ማርሻል የተባለ የካምብሪጅ ድርጅት ወሰደው። የሚያስገርመው፣ የጦሩን ሥራ የወሰደው ሌይላንድም ከሆላንዱ ዳፍ ጋር ከተጋባ በኋላ በየካቲት 1993 ኪሳራውን አወጀ። ሁለቱም ባላንጣዎች በስምንት ወር ልዩነት ወደቁ ማለት ነው። በትናንሽ መኪናዎች ላይ የቀረው የቤድፎርድ ስምም ከዚያ ቀደም ብሎ ተነስቶ ነበር። ስድሳ ዓመት የኖረ ስም በዚሁ አበቃ።

ፋብሪካው ሲሞት ወዳጁ ተወለደ። በእንግሊዝ አገር የቤድፎርድ ወዳጆች ማኅበር አላቸው፤ በየበጋው መኪናቸውን እያሳመሩ ይሰበሰባሉ። ከሁሉ በላይ የሚወዱት «ኦ ቢ» የተባለውን አውቶቡስ ነው፤ ከ1939 እስከ 1951 ድረስ 12,766 ተሠርቷል። በማልታ ደሴት አሮጌ ቤድፎርድ አውቶቡሶች እስከ ሐምሌ 2011 ድረስ ሕዝብ ያመላልሱ ነበር፤ ባለቤቱ በቀለምና በኒኬል ያስጌጠውን መኪና መንግሥት በአንድ ቀን ከመንገድ ሲያስወጣው ብዙ ሰው አዘነ። ሌላው «አረንጓዴዋ አምላክ» የሚሏት የእሳት ማጥፊያ መኪና ናት። ከ1953 እስከ 1956 ተሠርታ፣ የአቶሚክ ቦምብ ቢወድቅ ትጠቅማለች ተብላ በመጋዘን ተቀመጠች። ቦምቡ አልወደቀም። በሰፊው ሥራ ላይ የዋለችው እሳት አጥፊዎች በ1977 እና በ2002 አድማ ሲመቱ ነው፤ ወታደር ነዳት። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሸጣቸው፤ ገሚሱን የመኪና ወዳጆች ገዙት፤ ጥቂቱም ወደ አፍሪካ ተልኮ እንደገና እሳት ማጥፋት ጀመረ። አብዛኛውን ዕድሜውን እንዲያው ቆሞ የኖረ መኪና ሥራ ያገኘው በስደት ነው።

በፓኪስታን ደግሞ ቤድፎርድ «ሮኬት» ይባላል። ከላይ እስከ ታች በአበባ፣ በወፍ፣ በአንበሳ፣ በቆነጃጅት ዓይን ይሣላል፤ ከካቢናው በላይ እንደ ዘውድ ያለ እንጨት ይቆማል። በካራቺ ይገጣጠም ስለነበር መለዋወጫውን እዚያው መሥራት ተማሩ። የፓኪስታን የመኪና ሥዕል በዓለም ታዋቂ የሆነው በቤድፎርድ ጀርባ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእንግሊዙንና የሱዳኑን ወዳጅ ስናነጻጽር የሚለያዩበትን ማየት ይገባል። እንግሊዛዊው የሚፈልገው መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሆኖ እንዲታይ ነው። ቀለሙ የጥንቱ ቀለም፣ ብሎኑ የጥንቱ ብሎን መሆን አለበት፤ ለአንድ የበር እጀታ ዓመት ይፈልጋል። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ያለብሰዋል። የሱዳኑ ባለ ሎሪ ግን መኪናው ነገም ተጭኖ እንዲሄድ ነው የሚፈልገው። ሞተሩ ሲሞት የሌላ ሞተር ያገባበታል፤ ካምቢዮው ሲያልቅ ከሌላ መኪና ነቅሎ በሻንሲው ላይ አዲስ ማሰሪያ በይዶ ያስቀምጠዋል። የጎደለውን ጥርስ በቶርኖ ያስቀርጸዋል። ጓርኒሲዮን ካጣ ከወፍራም ካርቶን ይቆርጣል። የተሰበረውን ባሌስትራ በደህናው ይደርባል፤ አንዳንዱ መኪና ላይ ከስንት ዓይነት መኪና የመጣ ቅጠል እንዳለበት ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ከሃያ ዓመት በኋላ ከፋብሪካው የቀረው ሻንሲው፣ ኮፋኖውና ስሙ ብቻ ይሆናል። የእንግሊዙ ሰው ቢያየው «ይህ ቤድፎርድ አይደለም» ሊል ይችላል። ኡስታው ደግሞ «የአንተው ነው ቤድፎርድ ያልሆነው፤ የማይጭን ቤድፎርድ አለ ወይ?» ሊለው ይችላል። ሁለቱም መኪናውን አልጣሉትም፤ እኛ ግን ፍርዳችን ለኡስታው ያደላል። እውነቱን ለመናገር ስለምንመስለውም ነው።

በአገራችን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቮልስ ነው። ነገሩ ግን ተገልብጧል፤ የቮልስ ኩባንያ ዛሬም ታላቅ ኩባንያ ነው፤ የሞተችው መኪናይቱ ናት። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ፑየብላ ከተማ ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር። በአዲስ አበባ ግን አልሞተችም። ቀለም ቀብተው፣ መቀመጫዋን በቆዳ አልብሰው፣ በዓል ሲሆን በሰልፍ የሚነዷት ወዳጆች አሏት፤ መካኒኮቿም ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሯን ያወርዳሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በኛ ቆጠራ ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወስዶ የሄደው በእንዲህ ያለች ቮልስ ነው። ጃንሆይ በጊቢያቸው ምርጥ ምርጥ መኪና ነበራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያገራችን ሰው ስለ ቮልስ ሲያወራ ያን ሳያነሳ አያልፍም። ከእኛ ስንቶቻችን ለስደት የተዳረግነው ከዚያ ቀን ወዲያ በመጣው ጣጣ ነው፤ ስለዚህ ትንሿ መኪናና ትልቁ ሎሪ በእኛ ታሪክ ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ፤ አንደኛዋ ከቤተ መንግሥት በር፣ ሁለተኛው ከመተማ ማዶ።

የመጨረሻውን ወሬ እንጨምር። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ በከተማዋ የነበረው መኪና በሺህ የሚቆጠረው ተዘረፈ። ከተማዋ በሠራዊቱ እጅ የተመለሰችው በመጋቢት 2025 ነው። በዚያው ወር፣ ቤድፎርድ ስሙን ያገኘባት የሉተን ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረውን የቮክስሆል መኪና ሥራዋን ዘጋች፤ የመጨረሻው ቫን ወጥቶ በሩ ተቆለፈ። ያኔ በሉተን ሥራቸውን ካጡት ሠራተኞች መካከል ስለ ካርቱም የሰማ ይኖራል፤ አባቱ የገጠመው ብሎን በእኛ ወላጆች ሥር ሲንቀጠቀጥ እንደ ነበረ ግን የሚያውቅ አይመስለንም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ስለ ፋብሪካው ብዙ፣ ስለ ኡስታዎቹና ስለ ረዳቶቹ ግን ጥቂት ነገር ነው ያገኘነው። የፋብሪካው ታሪክ በታተመ መጽሐፍ አለ፤ የረዳቶቹ ታሪክ ያለው በየመጠለያችሁ፣ በየአልጋችሁ አጠገብ ነው። በጭነት መኪና ላይ ረዳት የነበራችሁ፣ በወርሻ የሠራችሁ፣ ወይም በጆንያ ላይ ተቀምጣችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ ከየት እስከ የት ስንት ቀን እንደ ፈጀባችሁ፣ ምን እንደ ተጫነ፣ ስንት እንደ ከፈላችሁ፣ በመንገድ ማን እንደ ቀረ ንገሩን። መጻፍ የማትችሉ ጥሩን፤ እርሳስና ወረቀት ይዘን እንመጣለን፤ እናንተ ተናገሩ፤ እኛ እንጽፋለን። የሰማነውን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።